ጉልቻው ተለዋወጠ፤ ወጡስ? አሠልጣኝ መራጩን ማን ይምረጠው?

(ከዚህ በታች የምናቀርበው በወላይታ ዞን፣ ዱቦ ላይ ለተሰበሰቡ የኳስ ወዳጆች የተደረገ ንግግር ነው።)



ስለ ኳስ ተናገር ስትሉኝ ደስ ብሎኛል። ከሁሉ በፊት ግን ማንነቴን ልንገራችሁ። እኔ አሠልጣኝ አይደለሁም። የክለብ ሊቀመንበርም አይደለሁም፤ ልሁንም አልልም። ኳስ ሲያይ ፀጉሩ የሸበተ የዚሁ የዱቦ ሰው ነኝ። ስለዚህ የምናገረው እንደ ሹም ሳይሆን እንደ ቲፎዞ ነው። ቲፎዞ ደግሞ የሚፈራው የለም፤ ወንበር የለውማ! ማን ይነቅለዋል?

ወደ ነገሬ ልግባ። በአገራችን አንድ ቡድን ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ሲሸነፍ ሁለት ጥያቄ ይነሣል። አንደኛው «ማን ይባረር?» ነው። ሁለተኛው «ማን ይምጣ?» ነው። ሥጋ ቤቱም፣ ቡና ቤቱም፣ ሊስትሮውም፣ ባለሥልጣኑም በእነዚህ በሁለቱ ተጠምዶ ይከርማል። ሦስተኛውን ጥያቄ ግን የሚያነሣው የለም። እሱም «የሚመጣውን የሚመርጠው ማን ነው? በምንስ መለኪያ?» የሚለው ነው። እኔ ዛሬ እናንተ ፊት የቆምኩት ለዚህች ለሦስተኛዋ ጥያቄ ነው።

አበው «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላሉ። ይህን ተረት በፖለቲካው ስንጠቅሰው ኖረናል። እስቲ ዛሬ ደግሞ ኳስ ሜዳ ይዘነው እንውረድ። ወጡን የምትሠራዋ እጅ ያችው ከሆነች፣ ጨው መጨመሯን እንኳ ካላወቀች፣ ሦስቱን ድንጋይ አንሥቶ ሌላ ሦስት ድንጋይ ማስቀመጥ ምን ይረባል? ተበላሸ የምንለው ድንጋዩ ነው ወይስ ሙያው?

ከራሳችን ቤት እንጀምር

የሰው አገር ምሳሌ ከመጥቀሴ በፊት ከጓዳችን ልጀምር። ወላይታ ድቻ በ2001 ዓ.ም. ተመሠረተ። በጥቂት ዓመታት ውስጥም ፕሪሚየር ሊግ ገባ። በ2009 ዓ.ም. በአሠልጣኝ መሳይ ተፈሪ እየተመራ መከላከያን በመለያ ምት ረትቶ የኢትዮጵያ ዋንጫን አነሣ። ያ ዋንጫ ነው እንግዲህ የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫን በር የከፈተለት።

በ2010 ዓ.ም. ሊጉ ተጀምሮ በዓመቱ መካከል አሠልጣኙ ተለወጠ፤ ዘላለም ሽፈራው መጣ። ከዚያ የሆነውን እናንተው ታውቁታላችሁ። በመጀመሪያ የዛንዚባሩ ዚማሞቶ ታለፈ። ቀጥሎ የመጣው ዛማሌክ ነበር። የግብፁ ዛማሌክ! ሐዋሳ ላይ 2 ለ 1 አሸነፍነው። «ካይሮ ላይ ይበሉናል» ሲሉ የነበሩ ሰዎች ነበሩ። መጋቢት ላይ ካይሮ ውስጥ በመደበኛው ሰዓት እነሱ 2 ለ 1 አሸነፉ፤ በመለያ ምት ግን የጦና ንቦች 4 ለ 3 አሸንፈው ግብፃውያኑን በገዛ አገራቸው ከውድድር አሰናበቱ። ያን ሌሊት ሶዶ አልተኛችም። በቀጣዩ ዙር በታንዛኒያው ያንግ አፍሪካንስ በድምር ውጤት 2 ለ 1 ተሸንፈን ብንወጣም ስማችን ግን በአፍሪካ ተጠርቷል።

አሁን ልብ በሉ። ከዚያ ድል ብዙ ሰው የወሰደው ትምህርት ምንድነው? «አሠልጣኝ ስንቀይር ዛማሌክን ጣልን» የሚል ነው። ስለዚህ በተቸገርን ቁጥር «ይቀየር!» እንላለን። እኔ ግን ነገሩን ገልብጬ አየዋለሁ። ለአፍሪካ ያበቃው ዋንጫ የመጣው በፊተኛው እጅ ነው። ካይሮ ላይ የተገኘው ድል ደግሞ በኋለኛው እጅ። አንዱ አረሰ፤ ሌላው አረመና አጨደ። ዘላለምን ላሳንስ ፈልጌ አይደለም፤ የተዘራን ማሳ ሳያበላሹ አጭዶ መክተት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ነገር ግን ማሳው ባዶ ቢሆን ኖሮ ምን ያጭድ ነበር?

ከዚያ ወዲህ እነ ደለለኝ ደቻሳ፣ እነ ፀጋዬ ኪዳነማርያም፣ እነ ያሬድ ገመቹ በዚያ ወንበር ተቀምጠውበታል። ሁሉም ሙያተኞች ናቸው፤ በአንዳቸውም ላይ ክፉ ቃል አይወጣኝም። የእኔ ጥያቄ ለእናንተ ነው። አንዱ ሄዶ ሌላው ሲመጣ «ይህ ሰው የተመረጠው እነዚህን ችግሮች እንዲፈታ፣ በእነዚህ መለኪያዎች ተወዳድሮ ነው» የሚል አንዲት ገጽ ወረቀት በእጃችሁ ገብቶ ያውቃል? እናንተ መልሱልኝ።

የእንሰቱ ነገር

እዚህ ያላችሁ እናቶች ስለ እንሰት ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። እንሰት ተተክሎ ዛሬ፣ ነገ ቆጮ አይሆንም። አራትም አምስትም ዓመት ይፈልጋል። ታዲያ በመካከሉ ከቦታ ወደ ቦታ ተነቅሎ ይተከላል። ይህን የምታደርገው ግን መቼ እንደሚነቀልና የት እንደሚተከል የምታውቅ እናት ናት። ሥሩ ይዞ እንደሆነ ለማየት በየሳምንቱ የሚነቅል ጅል ገበሬ አለ? የለም! በክለቦቻችን ግን ሞልቷል።

እኔ «አሠልጣኝ በጭራሽ አይቀየር» አላልኩም። የማይችል ሰው ይቀየር። ተጫዋቹ አልሰማ ያለው ሰው ይቀየር። ነገር ግን ነቃዩ የሚነቅልበትን ምክንያት ይወቅ፤ የሚተክለውንም ይወቅ። «ደጋፊው ጮኸ» ምክንያት አይሆንም። ደጋፊ መቼ ነው የማይጮኸው?

ስም ይገዛል ወይ?

ሁለተኛው በሽታችን ስም መሸመት ነው። «እገሌ ሻምፒዮን ያደረገ አሠልጣኝ ነው፤ አምጡት፤ እኛንም ያደርገናል» ይባላል። እስቲ አንድ እውነተኛ ታሪክ ልንገራችሁ።

ገብረመድህን ኃይሌን ታውቁታላችሁ። በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋር ፕሪሚየር ሊግ በገባ በመጀመሪያ ዓመቱ በእሱ እጅ ሻምፒዮን ሆነ። በማግስቱ በ2011 ዓ.ም. መቐለ 70 እንደርታን ሻምፒዮን አደረገ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ መድንን ለዚያው ክብር አበቃ። ሦስት ክለብ፣ ሦስት ዋንጫ! ይህን የሰማ የቦርድ ሰብሳቢ «ይኸው፣ ሰውየው ራሱ ነው መድኃኒቱ!» ቢል አይፈረድበትም።

ግን የጅማን ታሪክ እስከ መጨረሻው አንብቡት። ያ በ2010 ዓ.ም. የአገር ሻምፒዮን የነበረ ክለብ በ2014 ዓ.ም. ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ። አራት ዓመት ብቻ! ዋንጫው መጣ፤ አሠልጣኙ ሄደ፤ ክለቡ ግን እንደ ክለብ አልቆመም ነበር። ታዲያ ትልቅ ስም ያለው ሰው ምን አደረገላቸው? አንድ የማይረሳ ዓመት ሰጣቸው። እሱ ሥራውን ሠርቷል። ከሱ በኋላ የሚሆነውን ማሰብ የነበረበት የመራጮቹ ጭንቅላት ነው እንጂ የአሠልጣኙ አይደለም።

ስለዚህ ስም ያለው ሰው አይምጣ አልልም። ይምጣ! ግን «ይህ ሰው ሲሄድ ምን ይቀርልናል?» ብሎ የሚጠይቅ መራጭ ይኑር። ከታዳጊው ቡድን ስንት ልጅ አሳድጎ ይሄዳል? ረዳቶቹን ምን አስተምሯቸው ይሄዳል? የልምምድ ዕቅዱ፣ የተጫዋቾቹ መዝገብ፣ የጉዳት ታሪኩ በክለቡ ካዝና ይቀራል ወይስ በአሠልጣኙ ቦርሳ ይሄዳል?

ፈረንጅ ወይስ ሐበሻ?

ሦስተኛው የቡና ቤት ክርክራችን «የውጭ አሠልጣኝ ይሻላል፣ የአገር ውስጥ ይሻላል» የሚለው ነው። ይህ ክርክር ስንት ማኪያቶ አስጨረሰ!

ብሔራዊ ቡድናችንን አስታውሱ። በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ስንበላ ቡድኑን ከመሩት ሰዎች ፊት የሚጠራው ይድነቃቸው ተሰማ ነው፤ የአገር ልጅ። ከዚያ ከብዙ ዘመን በኋላ ከ31 ዓመት ጥበቃ ወጥተን በ2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ላይ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለስነው በሰውነት ቢሻው ነው፤ እሱም የአገር ልጅ። ለዓለም ዋንጫ ለማለፍም ከናይጄሪያ ጋር እስከ መጨረሻው የደርሶ መልስ ጨዋታ ተጋፍጠናል። በ2006 ዓ.ም. ግን ሰውነት ተሰናበተ። ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ በታላቅ ተስፋ መጣ፤ አንድ ዓመት ገደማ ቆይቶ እሱም ተሰናበተ። ያን ጊዜ «አይ ፈረንጅ!» ያልን ብዙ ነን።

ነገር ግን ቅዱስ ጊዮርጊስ በ2009 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ የኢትዮጵያ ክለብ በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ምድብ ውስጥ ሲገባ ያሠለጠነው ማን ነበር? ማርት ኖይ፣ የኔዘርላንድ ሰው። ሰርቢያዊው ሚቾም ቢሆን በዚያው ክለብ ዋንጫ ማንሣቱን ማንም አይክድም። ታዲያ የቱ ነው ትክክሉ? ፈረንጁ ወይስ ሐበሻው? ክርክሩ ራሱ ጠማማ ነው። የቆዳ ቀለም አሠልጣኝ አያደርግም፤ ከአሠልጣኝነትም አያግድም። አንዱ የተሳካለት፣ ሌላው ያልተሳካለት በፓስፖርቱ አይደለም።

«የማን ልጅ ነው?»

አሁን ወደ ትልቁ ቁስል ደረስኩ። ሳልነካው ብሄድ «ፈራ» ትሉኛላችሁና ልንካው።

ከዓመታት በፊት ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ቡድን አሠልጣኝ ሲፈልግ ሰባት ሰዎች ሆነን ኮሚቴ ገብተን ነበር። አራት ሰዎች አመለከቱ። አንደኛው አመልካች ቡድኑን ስድስት ጨዋታ ተደብቆ ተመልክቶ፣ ማን ከማን ጋር እንደማይግባባ፣ ጎል የሚገባብን ከየትኛው ጎን እንደሆነ፣ የትኛው ልጅ ያለቦታው እንደሚጫወት በእጅ ጽሑፍ ዘርዝሮ አምጥቷል። ወረቀቱን አገላብጬ አነበብኩት፤ ያላየነውን አይቷል። ከኮሚቴው የወጣው የመጀመሪያ ጥያቄ ምን መሰላችሁ? «ከየት ነው? የማን ልጅ ነው?» ሁለተኛውስ? «ከእነ እገሌ ጋር ይግባባል?» እነ እገሌ የተባሉት ተጫዋቾች አይደሉም፤ ቢሮ ያላቸው ሰዎች ናቸው።

ተቃወምኩ፤ ተቃውሞዬንም በቃለ ጉባኤ አስጻፍኩ። ስድስት ለአንድ እንዳይሆን አንድ ሌላ ሰው ደገፈኝ፤ አምስት ለሁለት ተሸነፍን። ያ ሁሉ ጽሑፍ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ሆኖ ቀረ። የተመረጠው «የእኛ ልጅ» ዓመት ሳይሞላው ሄደ። ቀጥሎ የመጣውም «የእኛ ልጅ» እንዲሁ። ቡድኑ የት እንደደረሰ አትጠይቁኝ፤ ዛሬ ማልያውም የለም።

«ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ» ሲባል ሰምታችኋል። ኳስ ግን ዘመድ አያውቅም። ኳሷ መረብ ውስጥ ስትገባ የማን ልጅ እንደመታት አትጠይቅም። ለጊፋታ በሬ ስንገዛ እንኳ ሻጩ የማን ዘመድ እንደሆነ አንጠይቅም፤ ጥርሱን እናያለን፣ ሻኛውን እንዳብሳለን፣ ሲራመድ እንመለከታለን። ለአንድ ቀን ሥጋ ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች፣ የሕዝብን ክለብ ለሚመራ ሰው «የማን ልጅ ነህ?» ብለን ብቻ እንለፍ? ነውር አይደለም?

ይህን ስል የአገር ልጅ አይሾም ማለቴ እንዳይመስላችሁ። የአካባቢውን ልጅ፣ ቋንቋ፣ ጠባይ የሚያውቅ ሰው ትልቅ ጥቅም አለው። ሙያው እኩል ከሆነ እሱ ይቅደም። ነገር ግን ሙያ መጀመሪያ ይመዘን፤ ዝምድናው ኋላ ይምጣ።

ዝምድና ደግሞ የድሀ አገር በሽታ ብቻ አይደለም። የማንቸስተር ዩናይትድን ነገር ቲፎዞዎቹ ታውቁታላችሁ። ስኮትላንዳዊው አሌክስ ፈርጉሰን እ.ኤ.አ. በ1986 ሲመጣ ቡድኑ ከሠንጠረዡ ግርጌ ነበር። የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ያነሣው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። እኛ ዘንድ ቢሆን በሰባት ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ ይባረር ነበር? እዚያ ግን የመረጡት ሰዎች ለምን እንደመረጡት ስለሚያውቁ ጠበቁት። በ2013 ሊሰናበት ሲል ግን ተተኪውን የመረጠው እሱ ራሱ ነው፤ የአገሩን ሰው ዴቪድ ሞይስን። ሞይስ ዓመት እንኳ አልሞላም፤ ተባረረ። ያን የሚያህል ክለብ፣ ያን የሚያህል አዋቂ! አንድ ሰው ብቻውን ሲመርጥ፣ አዋቂም ቢሆን፣ ይሳሳታል። ትልቁ ሰው ከተሳሳተ የእኛ አንድ ሹም ብቻውን ቢመርጥ ምን ይሆናል?

ታዲያ እንዴት ይመረጥ?

«ነቀፋ ቀላል ነው፤ መፍትሔህን ንገረን» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። እነሆ!

አንደኛ፣ ከሰውየው በፊት በሽታው ይታወቅ። ቡድኑ የሚሸነፈው ለምንድነው? ጎል ስለሚገባበት ነው ወይስ ጎል ስለማያገባ? መጀመሪያ አርባ አምስት ደቂቃ ላይ ይሸነፋል ወይስ መጨረሻው ላይ ጉልበቱ ያልቃል? ተጫዋቹ ደመወዝ ስላልደረሰው ነው ልምምድ የሚቀር? በደመወዝ መዘግየት የታመመን ቡድን በአሠልጣኝ ለውጥ ማከም፣ ጥርሱን ለሚያመው ሰው መነጽር እንደ መግዛት ነው። ተከላካዩ ለሚያፈስ ቡድን መከላከል የሚያስተምር ይምጣ። ወጣት ለበዛበት ቡድን ወጣት የሚያሳድግ ይምጣ። በሽታው ሳይታወቅ መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም እዚህ ዱቦ ሆስፒታላችን ውስጥ ቢገኝ ዝም ትሉት ነበር?

ሁለተኛ፣ መራጮቹ ይታወቁ። ስማቸው ይውጣ። ከመካከላቸው ኳስ የተጫወተ ይኑር፤ ሒሳብ የሚያውቅ ይኑር፤ ሕግ የሚያውቅ ይኑር፤ ከደጋፊው የተወከለ ይኑር። ባለሥልጣን አይግባ አልልም፤ በጀቱ የመንግሥት ከሆነ የመንግሥት ሰው መቀመጡ አይቀርም። ግን አንድ ድምፅ ይኑረው እንጂ ሁሉም ድምፅ የሱ አይሁን። ሲሳካ «እኛ መረጥን» ብለው ፎቶ የሚነሡ ሰዎች፣ ሲከሽፍም «እኛ ነበርን» የሚሉበት አሠራር ይኑር። በእኛ አገር የሚባረረው ሁልጊዜ የተመረጠው ነው። መራጩ ሲባረር ማን አየ?

ሦስተኛ፣ ወረቀቱ ይታይ። የአሠልጣኝነት ፈቃዱ የስንተኛ ደረጃ ነው? ቀደም ብሎ ባሠለጠናቸው ሦስት ክለቦች ምን አደረገ? በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ሳይሆን በሁለተኛው ዓመት ምን ሆነ? የመጀመሪያ ዓመት ሙቀት ለሁሉም ነው፤ የሁለተኛው ዓመት ግን ሙያ ያስፈልገዋል። ከቀድሞ ተጫዋቾቹ ሁለት ሦስቱ በስልክ ይጠየቁ። ይህ ስንት ብር ይፈጃል? የካርድ ዋጋ!

አራተኛ፣ የዘመኑ ሊግ ምን እንደሚጠይቅ ይታሰብ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተሰባሰበ ሲካሄድ አይተናል፤ ጨዋታውም በዲኤስቲቪ ሲተላለፍ ቆይቷል። ይህ ማለት ቡድኑ ሶዶ ላይ፣ በራሱ ሜዳ፣ በራሱ ሕዝብ ፊት አልተጫወተም፤ ሳምንታት በሰው ከተማ ሆቴል ውስጥ ነው የከረመው። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚያስፈልገው አሠልጣኝ ሜዳ ላይ የሚጮኽ ብቻ አይደለም። ከሃያ በላይ ወጣት በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያኗኑር፣ የተከፋውን የሚያጽናና፣ ሌሊት የሚጠፋውን የሚመክር፣ አባትም መምህርም የሚሆን ሰው ነው። ይህ በቃለ መጠይቅ ይጠየቃል?

አምስተኛ፣ ውሉ ይጻፍ፤ ይታወቅም። ስንት ዓመት? ግቡ ምንድነው? ሊግ ላይ መቆየት ነው ወይስ ዋንጫ? ተጫዋች የሚያስፈርመው ማን ነው፣ እሱ ወይስ ቢሮው? ረዳቱን የሚመርጠው ማን ነው? ከተሰናበተ ስንት ይከፈለዋል? ተጫዋች ቢሮ እያስፈረመ፣ አሰላለፍ በስልክ እየታዘዘ፣ ሲሸነፍ ብቻ «አሠልጣኙ ነው!» ማለት ግፍ ነው። እጁን አስረህ ዋኝ ያልከውን ሰው ሰጠመ ብለህ ትከሰዋለህ?

የማን ገንዘብ ነው?

አንዳንዱ ሰው «ኳስ ጨዋታ ነው፤ ለምን ይህን ያህል ታጠብቃለህ?» ይላል። ኳስ ጨዋታ ነው፤ ገንዘቡ ግን ጨዋታ አይደለም። በአገራችን የአብዛኛው ክለብ ቀለብ የሚወጣው ከመንግሥት በጀትና ከሕዝብ መዋጮ ነው። የመንግሥት በጀት ማለት የማን ነው? የእናንተ ነው! ገበያ ላይ ዝንጅብል ከምትሸጠው እናት ጀምሮ ያለው ሰው ግብር ነው።

በ2016 ዓ.ም. በዚህ በዞናችን መምህራንና የጤና ባለሙያዎች ደመወዝ ዘግይቶባቸው የደረሰባቸውን መከራ እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የሰማ ብቻ ሳይሆን የቀመሰውም እዚህ ተቀምጧል። አስተማሪ ደመወዙን እየጠበቀ በሚራብበት አገር፣ አንድ አሠልጣኝ ያለ በቂ ምክንያት ተባሮ የቀሪ ውሉ ካሳ ሲከፈለው፣ ሌላው መጥቶ ሲፈርም፣ እሱም ተባሮ ሲካስ፣ ያ ገንዘብ ከየት ይመጣል? ከዚያው ኪስ ነው። ስለዚህ አሠልጣኝ በጥንቃቄ ይመረጥ ማለት የኳስ ወሬ ብቻ አይደለም፤ የዳቦም ወሬ ነው። «ለኳስ አይከፈል» አላልኩም። ዛማሌክን ያሸነፈ ልጅ ላቡ ዋጋ አለው። የማልስማማው በግምት ለሚፈስሰው ነው።

«የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ይባላል። እኛ ግን አፍስሰን አንለቅምም፤ አፍስሰን ሌላ እንቀዳለን።

ለእናንተ ያለኝ አደራ

ጎረቤቶቻችንን ተመልከቱ። አርባ ምንጭ ከተማ በ2015 ዓ.ም. ወረደ፤ ዓመት ቆይቶ ታግሎ ተመለሰ። የዱራሜው ሐምበሪቾ ወደ ፕሪሚየር ሊጉ በወጣ በዓመቱ በ2016 ዓ.ም. ወረደ። መውጣትና መውረድ የኳስ ሕግ ነው፤ በማንም ደጃፍ ይመጣል። ነገር ግን አንዱ ወድቆ የሚነሣው፣ ሌላው ወድቆ የሚቀረው በዕድል ብቻ አይደለም። ቤቱን የሠራ ሰው ጣሪያው ቢገለበጥ መልሶ ይከድነዋል። ድንኳን የተከለ ግን ነፋስ ሲመጣ ካስማውን ይዞ ይሮጣል።

ስለዚህ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የምትወዱት ክለብ ሲቸገር «ይውጣ! ይውጣ!» ከማለታችሁ በፊት ሌላ ነገር ጠይቁ። ይህን ሰው የመረጡት እነማን ናቸው? ሲመርጡት ምን አይተውበት ነበር? የጠየቀውን ሰጡት ወይ? ቢሄድ የሚቀጥለውን የሚመርጡት እነዚያው ናቸው ወይ? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ካላገኛችሁ፣ አዲሱ አሠልጣኝ ከአውሮፕላን ሲወርድ በአበባ አትቀበሉት፤ እዘኑለት እንጂ። የሚቀመጥበት ወንበር የፊተኛውን ሰው የጣለው ወንበር ነው።

መራጮቹም የእኔን ቃል ቢሰሙ እንዲህ እላቸዋለሁ፦ ክቡራን ሆይ! እኛ ዋንጫ በየዓመቱ አምጡ አላልናችሁም። የጠየቅናችሁ ቀላል ነገር ነው። አሠልጣኝ ስትመርጡ ምክንያቱን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ለሕዝብ ንገሩ፤ ከሥሩም ስማችሁን ፈርሙ። ከተሳካ ምስጋናው የእናንተ ነው። ካልተሳካም ከአሠልጣኙ ጎን ቆማችሁ ጠይቁን፤ እኛም እንታገሣለን። የወላይታ ሕዝብ ትዕግሥት የለውም የሚል ካለ ጓሮውን ሄዶ ይይ። አምስት ዓመት እንሰት የሚጠብቅ ሕዝብ ነው። ነገር ግን ምን እንደተተከለ ሳይነግሩት ጠብቅ የሚሉትን አይወድም።

 አሁን ደግሞ የእናንተ ተራ ነው፤ ጠይቁኝ፣ ተቃወሙኝ። መድረኩ ለአንድ ሰው ብቻ ከሆነ እኔም እንደነዚያ መራጮች ሆኜ እንዳልቀር!